በቀስት ውርወራ የማይለዋወጥ ቅደም ተከተል እንዴት ይገነባል? (ከደብረ ብርሃን የቀረበ ጥያቄ)

የጠባሴው (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ፤ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ሲሆን ቀስት መወርወር የጀመርኩት ባለፈው መስከረም ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ አንድ የሪከርቭ (የክንፎቹ ጫፍ ወደ ፊት የታጠፈ) ደጋንና ስድስት ፍላጻዎች ይዞልኝ በመጣ ጊዜ ነው። ደጋኑ ክንፎቹ ከእጀታው የሚፈቱ ዓይነት ነው፤ በታችኛው ክንፍ ላይ 34 ፓውንድ የሚል ተጽፎበታል፤ ማነጣጠሪያ አለው፣ ክሊከር (በልክ ሲሳብ ቀጭ የሚል ምልክት ሰጪ) ግን የለውም። አሠልጣኝም ሆነ አብሮኝ የሚወረውር ሰው ስለሌለ የተማርኩት በሙሉ ከኢንተርኔት ቪዲዮ ነው። በአያቴ ጓሮ 18 ሜትር ለክቼ፣ የገብስ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢቶች ጠቅጥቄ ከደረደርኩ በኋላ፣ ማተሚያ ቤት ያሳተምኩትን የ40 ሳንቲ ሜትር ኢላማ ለጥፌበታለሁ። ከኋላው አሮጌ ብርድ ልብስ ሳይወጠር ልል አድርጌ ስለሰቀልኩ ጭዱን ስቶ የሚያልፍ ፍላጻ ከድንጋይ ካቡ ጋር ተጋጭቶ አይሰበርም። (አያቴ ደጋን ሲባል የምታውቀው ጥጥ የሚነደፍበትን ስለሆነ፣ «የአንተውስ ምን ይነድፋል?» እያለች ትስቅብኛለች።)

ችግሬ እንዲህ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ውርጩ ሳይለቅ ወጥቼ ስጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች፣ ማለትም 12 ፍላጻዎች፣ መዳፌ በሚሸፍነው ቦታ ላይ ተጠጋግተው ይሰካሉ። 3 ሰዓት ሆኖ ፀሐዩ ሲበረታና ጃኬቴን ሳወልቅ ግን ስብስቡ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ማነጣጠሪያውን አስተካክዬ ስከተለው ደግሞ ይበተናል፤ ከሠላሳኛው ፍላጻ በኋላማ ወረቀቱን ስቶ ጭዱ ላይ የሚቀረው ይበዛል። ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ማነጣጠሪያው የኢላማውን መሃል፣ ቢጫውን፣ ገና ነካ ሲያደርግ ጣቶቼ ሳላዛቸው ይከፈታሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በተቃራኒው ማነጣጠሪያው ከቢጫው በታች ይቆምና አልወጣም ይላል፤ ላንሣው ብል ክንዴ የታሰረ ያህል ይሰማኛል።

መፍትሔው ሁልጊዜ የማይለዋወጥ ቅደም ተከተል መያዝ እንደሆነ በየቦታው ይነገራል። ይሁን እንጂ አንዱ አምስት ደረጃ ሲል ሌላው አሥራ አንድ ይላል፤ እኔም ከሁሉም ለቃቅሜ አሥራ አራት ደረጃ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር፤ አሥራ አራቱን አስታውሼ እስክጨርስ ክንዴ ይዝላል። ለመሆኑ ስንት ደረጃ ይበቃል? አውታሩ ተስቦ ሳለስ ሐሳቤ ምን ላይ መሆን አለበት? ከተማችን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ መሳሳት በፍላጻው አካሄድ ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ፣ ቁመቴ 1.84 ሜትር ነው፤ የምስበውም በቀኝ እጄ ነው።

ባለ ደጋን (መልስ)

ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ ሰባት ዓመት በአንድ ክበብ ውስጥ ወርውሬ፣ አሁን ኑሮዬን ደብረ ሲና አድርጌአለሁ፤ ጣርማበርን በወጣሁ ቁጥር የእናንተን ብርድ ስለምቀምሰው ጉዳዩ እንግዳ አይሆንብኝም።

የመጨረሻውን ጥያቄ ቶሎ መልሼ ልለፈው። ስስ አየር ፍላጻን በመጠኑ የሚይዘው አነስ አድርጎ ስለሆነ በ70 ሜትር ርቀት ላይ ማነጣጠሪያ ማስተካከል ሊያስፈልግ ይችላል፤ በ18 ሜትር ግን ፍላጻው ግማሽ ሰከንድ ሳይሞላው ስለሚደርስ ከፍታውን ይርሱት።

የደረጃው ቁጥር ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ቅደም ተከተል የሚያስፈልግበት ዋናው ምክንያት፣ አውታሩ ከተሳበ በኋላ ሊታረም የማይችል ነገር ሁሉ ከመሳቡ በፊት ያለቀ መሆን ስላለበት ነው። የእግር አቋቋም፣ የፍላጻው አሰካክ፣ ጣቶች አውታሩን የያዙበት ጥልቀት፣ መዳፍ እጀታው ላይ ያረፈበት ቦታ፣ አራቱም ደጋኑ ገና ወደ መሬት ወርዶ ሳለ የሚጨረሱ ናቸው። ያን ሁሉ ኃይል በጣቱ ይዞ ሳለ አያያዙን ላስተካክል የሚል ሰው አውታሩን አብሮ መጠምዘዙ አይቀርም፤ የተጠመዘዘ አውታር ደግሞ ሲለቀቅ ፍላጻውን ወደ ጎን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ እርስዎ ከጻፏቸው አሥራ አራት ደረጃዎች ውስጥ ከተሳበ በኋላ የሚመጡት ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ፤ ከሦስት የሚበልጡ ከሆነ ዝርዝሩ ራሱ ነው የሚያደክምዎት።

እኔ ለራሴ በልቤ የምላቸው ሰባት ቃላት ናቸው፦ ቁም፣ ያዝ፣ አንሣ፣ ሳብ፣ አሳርፍ፣ ግፋ፣ ቆይ። «ቁም» እና «አንሣ» ብዙ ማብራሪያ አይፈልጉም፤ እግሮች በትከሻ ስፋት ተከፍተው ክብደት በሁለቱም ላይ እኩል ሲሆን፣ ደጋኑ ሲነሣ ትከሻ አብሮ ወደ ጆሮ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ብቻ ነው። «ያዝ» ሁለቱንም እጅ ይመለከታል። በሚስበው እጅ አንድ ጣት ከፍላጻው በላይ፣ ሁለት ጣቶች ከፍላጻው በታች ሆነው አውታሩ የጣቶቹ የመጀመሪያ መገጣጠሚያ ላይ ይውላል፤ አንጓውና የእጁ ጀርባ ቀጥና ልል ይሆናሉ። ደጋኑን የያዘው እጅ ደግሞ አይጨብጥም፤ የደጋኑ ግፊት በአውራ ጣት ሥር ባለው ሥጋ ላይ ብቻ ያርፋል። የመዳፍዎ ግርጌ ከገፋ ፍላጻው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይበተናል፤ ከጨበጡ ደግሞ ደጋኑ በሚለቀቅበት ቅጽበት ይዞርብዎታል።

«አሳርፍ» ላይ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጀማሪ ሁሉ የሚያቃልለው ይህንን ነው። የሌባ ጣትዎ ጎን ከመንጋጋዎ አጥንት ሥር ገብቶ፣ አውታሩ አገጭዎንና የአፍንጫዎን ጫፍ ነክቶ፣ ከአጥንት ጋር አጥንት ሲገናኝ እንጂ ቆዳ ቆዳን ሲነካ አላረፈም። ለምን እንዲህ እንደምል በቁጥር ላስረዳዎ። ፍላጻዎ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት አለው እንበል፤ የኋላ ጫፉ አገጭዎ ሥር በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል፣ በ18 ሜትር ላይ ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይሰካል፤ በ70 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 10 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በ40 ሳንቲ ሜትሩ ኢላማ ላይ የአሥሩ ክብ ከዳር እስከ ዳር 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን ያስታውሱ። አገጭዎ በብርድ ደንዝዞ ጣትዎም ደንዝዞ ሳለ አንድ ሚሊ ሜትር ለመለየት የሚያስችል ስሜት ስለማይኖር፣ ውርጩ ሳይለቅ ከመጀመር ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መጀመሩ ይሻላል።

«ግፋ» ማለት ካሳረፉ በኋላ አለመቆም ነው። ደጋን የያዘው እጅ ወደ ኢላማው፣ የሚስበው ክርን ደግሞ ወደ ኋላ፣ በጀርባ ጡንቻ አማካይነት፣ ቆሞ የሚያይዎ ሰው እንኳ ልብ በማይለው መጠን መለጠጣቸውን ይቀጥላሉ። መለጠጡ ቀጥሎ ሳለ ጣቶች ይላላሉ፤ አውታሩም ራሱ ጣቶቹን ገፍቶ ይወጣል። «ቆይ» ደግሞ ፍላጻው ጭዱን እስኪመታ ድረስ እጅን ባለበት ማቆየት ነው። ከሰባቱ ቃላት መካከል «ልቀቅ» የሚል እንደሌለ ልብ ብለው ይሆናል። መልቀቅን እንደ ትእዛዝ የሚጠብቅ ሰው ትእዛዙን የሚሰጠው ዓይኑ ቢጫውን ሲያይ ነው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጣቱ ትእዛዙን መጠበቅ ያቆምና ቢጫው በታየ ቁጥር በራሱ ይከፈታል፤ ወይም ያንን ፈርቶ ክንዱ ወደ ቢጫው አልቀርብም ይላል። የነገሩን ሁለቱም ምልክቶች የዚሁ የአንዱ ችግር ሁለት መልኮች ናቸው፤ ብዙ የደረሰባቸው ወርዋሪዎች አሉና አይፈሩ፣ ነገር ግን በኢላማ ላይ በመወርወር አይድንም።

የሚድነው እንዲህ ነው። ወረቀቱን ያንሡትና ከጭዱ 3 ሜትር ላይ ይቁሙ፤ ደጋኑን አንሥተው አቅጣጫው ትክክል መሆኑን ካዩ በኋላ ዓይንዎን ጨፍነው «ሳብ፣ አሳርፍ፣ ግፋ፣ ቆይ» ይበሉ። የሚያዩት ቢጫ ስለሌለ ጣት የሚታዘዘው ሌላ አዛዥ ያጣል። ሁለት ሳምንት ያህል ከዚህ በቀር ምንም አይወርውሩ። ከዚያ ወረቀቱን በ18 ሜትር መልሰው ይለጥፉና ከየሦስቱ አንዱን ፍላጻ፣ ማነጣጠሪያው ቢጫው ላይ እያለ፣ ሳይለቁ ቀስ ብለው መልሰው ያውርዱት። ቢጫውን አይቶ አለመልቀቅ እንደሚቻል እጅዎ የሚማረው በዚህ ብቻ ነው።

ስለ ደጋኑ ክብደት ደግሞ በግልጽ ልናገር፤ ለጀማሪ ይከብዳል። ክንፍ ላይ የሚጻፈው ፓውንድ በ28 ኢንች ስበት የተለካ ነው፤ የሰው የስበት ርዝመት ደግሞ እጆቹን ዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ የተለካው በ2.5 ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ የተዘረጉት እጆች ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከቁመት ጋር ይቀራረባል። በእርስዎ ቁመት 29 ኢንች ገደማ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኢንች ወደ 2 ፓውንድ ስለሚጨምር እየሳቡ ያሉት 36 ነው። ከሠላሳኛው ፍላጻ በኋላ የሚበተነው ስለዚህ ነው። ክንፎቹ የሚፈቱ ከሆኑ እጀታውን አስቀምጠው 24 ፓውንድ ክንፍ ያስመጡ፤ ለመመለስ አይፈሩ፣ እኔ በ20 ጀምሬአለሁ።

ስብስቡ ጃኬት ሲያወልቁ ወደ ጎን የሚሸሸው ግን በድካም አይመስለኝም። ወፍራም እጅጌ ካለዎት አውታሩ ሲመለስ እጅጌውን እየነካ ፍላጻውን ያዛባዋል፤ እርስዎም ማነጣጠሪያዎን በዚያ በተዛባው ላይ አስተካክለውታል። እንደዚያ ከሆነ ትክክለኛው የረፋዱ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ አውታሩን ጠመኔ ቀብተው በጃኬት ሦስት ፍላጻ ይወርውሩ፤ ከነካ እጅጌዎ ላይ ነጭ ምልክት ያገኛሉ።

የሞጃው ተኳሽ (መልስ)

ልጄ ብዬ ልጥራህ፤ በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርም። እኔ የሰላ ድንጋይ ሰው ነኝ፤ ቀስት በእጄ የያዝኩት ሦስት ጊዜ ብቻ ሲሆን በጠመንጃ የኢላማ ተኩስ ግን ብዙ ዓመት አሳልፌአለሁ። ባለ ደጋን «ልቀቅ» የሚባል ትእዛዝ የለም ያሉት እኛ ዘንድ ስለ ምላጭ የሚነገረው ነው። ምላጭ በሌባ ጣት ጫፍ ቀስ እየተባለ ይሳባል እንጂ «አሁን!» ተብሎ አይቆነጠጥም፤ ጥይቱ የሚወጣበትን ቅጽበት ቀድሞ ያወቀ ተኳሽ ትከሻው ቀድሞት ይደነግጣልና አፈሙዙን ይጥለዋል። ይህንን ለወጣቶች ሳስተምር ሳያዩኝ ባዶ ቀለህ እየቀላቀልኩ አጎርስላቸው ነበር፤ ባዶው ላይ ሲደርሱ የአፈሙዙ መጥለቅ ለራሳቸው ይታያቸዋል።

ይሁንና ከጠመንጃ ወደ ቀስት መወሰድ የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛውን በራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። በጠመንጃ ባዶውን ደጋግሞ ማላመድ ጥሩ ልምምድ ነው። አንድ ወዳጄ ደጋኑን እንዳይ ሲሰጠኝ እኔም በዚያው ልማድ ፍላጻ ሳልሰካበት ገትሬ ለቀቅሁት፤ ጆሮዬ አጠገብ እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ የላይኛው ክንፍም ከመሃሉ ተሰነጠቀ። ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ኃይል ፍላጻ ከሌለ ተመልሶ ክንፉ ውስጥ ይገባል፤ ይህንን ማንም አልነገረኝም ነበር፣ ወዳጄም ምንም ሳይናገር ደጋኑን ጠቅልሎ አስቀመጠው፤ እስካሁን አፍርበታለሁ። በ3 ሜትሩ ልምምድህም ቢሆን ፍላጻ ሳይሰካ ፈጽሞ እንዳትለቅ።

ሁለተኛው ትንፋሽ ነው። ተኝቶ የሚተኩስ ሰው ግማሹን ትንፋሽ አውጥቶ ጥቂት ሰከንድ ቢይዝ ጠመንጃውን መሬትና አጥንት ይሸከሙለታል። ደጋን ግን በጡንቻ ብቻ የሚያዝ ስለሆነ ትንፋሽን ቋጥሮ መቆየት መንቀጥቀጥን ያመጣል። ስታነሣ ትንፋሽ ሳብ አድርገህ፣ ስታሳርፍ ጥቂት አውጥተህ፣ የቀረውን ሳትቋጥር ተወው፤ ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ እንዳይሆን። ከማረፉ እስከ መልቀቁ ሦስትና አራት ሰከንድ ካለፈ ያ ፍላጻ ተበላሽቷል ብለህ ቁጠረው።

ባለ ደጋን ከሦስቱ አንዱን መልስ ባሉት ግን ልቤ አልረካም። መመለስን ልማድ ያደረገ ሰው በውድድር ቀን በእያንዳንዱ ፍላጻ ላይ እያመነታ ጊዜው ያልቅበታል ብዬ እሰጋለሁ።

ባለ ደጋን (መልስ)

ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ የተናገርኩት ግን ለመዳኛው ጊዜ እንጂ ለዘለዓለም አልነበረም። ሆኖም በውድድርም ቢሆን መመለስን የማያውቅ ወርዋሪ የሚጎዳ ይመስለኛል። በነጠላ የፊት ለፊት ግጥሚያ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እየተፈራረቁ ሲወረውሩ ለአንድ ፍላጻ የሚሰጠው 20 ሰከንድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከአሥር ሰከንድ በታች የሚያልቅለት ሰው አንድ ጊዜ መልሶ እንደገና ለመጀመር ጊዜ አለው፤ መጥፎ መሆኑን እያወቀ ከሚለቀው ይህ ይሻለዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ፍጻሜ ኮሪያዊው ኪም ዉጂንና አሜሪካዊው ብሬዲ ኤሊሰን አምስቱን ዙር እኩል ጨርሰው በአንድ በአንድ ፍላጻ ሲለዩ ሁለቱም አሥር መቱ፤ የኪም ፍላጻ ከኤሊሰን ይልቅ ለመሃሉ የቀረበው በ4.9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በዚህ ደረጃ ላይ «ይሁን፣ ይለፍ» ተብሎ የሚለቀቅ ፍላጻ የለም።

የመለያ መስመሩ አንድ ይሁን፤ እጅ አገጭ ላይ ካረፈ በኋላ አንዳች ነገር ትክክል ካልመሰለ ይመለሳል፤ መለጠጡ ከተጀመረ በኋላ ግን ሐሳብ አይለወጥም። ባዶ ደጋን ስለመልቀቅ ያሉትን እኔ መጀመሪያ ልናገረው ይገባኝ ነበር፤ ስለጠቀሱት አመሰግናለሁ።

የሮቢቱ (መልስ)

እኛ ሸዋ ሮቢት የምንቸገረው በብርድ ሳይሆን በላብ ነው፤ የጣት መከላከያው ቆዳ ረጥቦ አውታሩ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በእኔ ቅደም ተከተል «ያዝ» ከማለቴ በፊት እጅን በፎጣ መጥረግ አለ። እርስዎም በጠባሴ ብርድ፣ በዙርና በዙር መካከል ጋቢ ደርበው፣ መስመሩ ላይ ሲቆሙ አውልቀው ማስቀመጥዎ ራሱ የቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ጋቢ ለብሶ መወርወር ግን አይሞከርም።

የምጨምረው ስለ ፍላጻዎቹ ነው። በቀለም ከ1 እስከ 6 ይቁጠሯቸውና የእያንዳንዱን ማረፊያ በደብተር ላይ ትንሽ ኢላማ ሥለው ያስፍሩ። እኔ ለሁለት ወር «ከስድስቱ አንዱን ሁልጊዜ አበላሻለሁ» እያልኩ ጣቴን ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ፣ ቁጥር ስጽፍባቸው የሚስተው ሁልጊዜ ቁጥር 4 ሆኖ ተገኘ፤ አውታሩ የሚገባበት የኋላ ጫፉ በጥፍር ካልሆነ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ነበረው። ሁለተኛ፣ ነጥብ አይደምሩ፤ የሚጻፈው ስብስቡ የተበተነው በስንተኛው ፍላጻ ላይ እንደሆነ ነው። በ30ኛው የሚበተን ከሆነ የዚያ ቀን ልምምድ በ24ኛው ያልቃል። ደክሞ የሚወረወር ፍላጻ ሌላ ቅደም ተከተል ያስተምራልና። ማነጣጠሪያንም በአንድ ፍላጻ ምክንያት አያንቀሳቅሱ፤ ሁለት ሙሉ ዙር በአንድ አቅጣጫ ሲሸሽ ብቻ ማነጣጠሪያው ስብስቡ ወደሄደበት ይሄዳል።

የጠባሴው (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

ጠመኔው ወዲያውኑ መልስ ሰጠኝ። በጃኬት በወረወርኳቸው በሦስቱም ፍላጻዎች እጅጌዬ ላይ፣ ከክርኔ በታች አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ስስ ነጭ መስመር ተገኘ፤ ጃኬቱን አውልቄ ጠበብ ያለ ሹራብ ለብሼ፣ የክንድ መከላከያውንም ከሹራቡ በላይ አስሬ ስወረውር ምንም አልነካም። ማነጣጠሪያውን በረፋዱ ስብስብ ላይ ካስተካከልኩ ወዲህ ጠዋትም ሆነ ረፋድ ወደ ጎን መሸሹ ቀርቷል። ጥፋቱን በጣቴና በልቤ ላይ ስፈልገው የከረምኩት በእጅጌዬ ላይ ነበር።

ከግድግዳው ላይ የነቀልኩትን የአሥራ አራት ደረጃ ዝርዝር እንደገና ሳነበው፣ 12ኛው ላይ በጉልህ «ልቀቅ!» ብዬ፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አስምሬበት አገኘሁት። ዝርዝሩን ቀድጄ ሰባቱን ቃላት ያዝኩ። በ3 ሜትሩ ልምምድ የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት እጅግ አሰልቺ ነበሩ፤ በአምስተኛው ቀን ዓይኔን ጨፍኜ እየገፋሁ ሳለ አውታሩ ሳላስበው ወጣ፤ ድምፁም የተለየ ነበር፣ አጭርና ደረቅ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ጊዜ በትክክል ለቅቄ እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለቱ ሳምንት አልበቃኝም፤ ሦስት ሆኖ ወደ 18 ሜትር ተመለስኩ። አባቴ የሞጃው እንደመከሩኝም ትንፋሼን መቋጠር ትቻለሁ። አሁን ጣቴ ቢጫው ላይ ያለፈቃዴ የሚከፈተው በቀን ከ24 ፍላጻ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው፤ ሲከፈት የዚያን ቀን ኢላማውን አንሥቼ ወደ ጭዱ እጠጋለሁ።

ያልተስተካከለልኝ «ቆይ» ነው። ፍላጻው የት እንደተሰካ ለማየት ቸኩዬ ደጋኑን ወደ ታች እጥላለሁ። ራሴን ማየት ስለማልችል፣ ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቡና የምታፈላውን አያቴን፣ ፍላጻው ጭዱን ሲመታ ድምፁን ሰምታ እጄ በዚያ ጊዜ ወርዶ እንደሆነ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ኢላማውን ዞራ አታየውም፤ እኔን ብቻ ታያለች። «ወረደ» ትላለች፤ «ወረደ»፣ «ወረደ»፣ ከዚያ አንዱን ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። ዝም ያለችባቸውን በደብተሬ ላይ በተለየ ቀለም አሰፍራለሁ፤ እስካሁን 31 ሲሆኑ 26ቱ ከቀዩ ክብ አልወጡም።

24 ፓውንድ ክንፍ ለፋሲካ ከሚመጣው ዘመዴ ጋር ይደርሰኛል። እስከዚያው በየቀኑ ከ24 ፍላጻ አላልፍም።

ባለ ደጋን (መልስ)

እንደ አያትዎ ያለ አሠልጣኝ እኛ ክበብ ውስጥ አልነበረም። ድምፁን ሰምቶ እጅን ማየት እንዴት እንዳሰቡት ባላውቅም ጥሩ አድርገዋል፤ ፍላጻ አውታሩ ላይ የሚቆየው ጥይት አፈሙዝ ውስጥ ከሚቆየው በብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ጭዱን እስኪመታ ጠብቆ እጅን ማቆየት ፍላጻው ከደጋኑ ሳይወጣ እጅ እንዳይወርድ መጠበቂያ ነው።

ክንፉ ሲመጣ ሁለት ነገር ይጠብቁ። ፍላጻው በዝግታ ስለሚሄድ ከለመዱት ዝቅ ብሎ ይሰካል፤ ስለዚህ ማነጣጠሪያው ወደ ታች ይወርዳል። በተጨማሪም አሁን ያሉዎት ፍላጻዎች ለ34 ፓውንድ የተመረጡ ከሆነ ለ24 እጅግ ደረቅ (በቀላሉ የማይለመጡ) ይሆናሉ፤ በቀኝ እጅዎ ስለሚስቡ ስብስቡ ተጠጋግቶ ሳለ ወደ ግራ ቢሸሽ ከፍላጻዎቹ ነው፤ በዚያ ምክንያት አለቃቀቅዎን እንዳይነካኩት። ለመጀመሪያው ሳምንት እንደገና ወደ 3 ሜትር ይመለሱና፣ ቀለል ያለው ደጋን በጣትዎ ላይ ምን እንደሚመስል ይጻፉልን።